የደመናው ነጂ

ቅዳሜ ነው፤ ዝናብ፤ አማጋሳኪ ከተማ፣
ከሱቆቹ በላይ፣ የሲኒማው ጨለማ።
ጃንጥላዬ ጫማዬ ላይ ይንጠባጠባል፣
ሪንታሮ ከጎኔ፣ ሁለት ትራስ ላይ ጉብ ብሏል፤
የወንድሜ ልጅ ነው። ትኬቱን የቆረጥኩት እኔ፣
ፈንዲሻው ግን በእሱ እቅፍ ነው፤ አንድ ፍሬ አልዞረም ወደኔ።

እንቁራሪቱ ፖስተኛ ብቅ አለ፣ ቦርሳውን አንግቶ፣
አዳራሹ በልጆች ጩኸት ተናግቶ።
እኔ የማውቀው እሱ የነጥብ ቁልል ነበር፤
ዓይኑ አንዲት ነጥብ፣ ቦርሳው አራት፣ እግሩ እንደ ስንጥር።
አሁን ኪንታሮቱ አንድ ባንድ ይቆጠራል፣
ጠል ሲያርፍበት ቆዳው ያበራል፤
ይባስ ብሎ ይናገራል!
ይቀልዳል፣ ይተክዛል፣ እንደ መምህር ይመክራል።

ያኔ ወደ ቀኝ ይሮጥ ነበር። ለምን? የነገረን የለም።
ቀኝ ካለ ይሮጣል፤ እኛም አልጠየቅንም።
ደብዳቤው ለማን ነው? ወንድሜ ታኬሂሳ፣
“የመብራት ሒሳብ ነው” ይላል፣ ዓይኑን ከቴሌቪዥኑ ሳያነሳ።
እኔ ለባሕር የተጻፈ ይመስለኝ ነበር፤
ፊልሙ ግን አይችልም ምስጢር ማሳደር።
ለጠፋች እናቱ ኖሯል። የቆርቆሮው ንጉሥም
ክፉ የሆነው ልደቱን ያከበረለት ስለሌለ ነው አሉ፤ እሺ፣ ይሁን፣ ግድ የለም።
ዘንድሮ ክፋትም እንደ ዕቃ ይሸጣል፣
ከነምክንያቱ፣ ከነደረሰኙ፣ ታሽጎ ይሰጣል።

ልጆቹ ሳቁ፣ ፖስተኛው ጭቃ ላይ ሲንሸራተት፤
እኛ ዝም። ቆይቶ፣ ከሙዚቃው ሥር፣ እንደ ዘበት፣
ያቺ የጥንቷ “ጢው” አለች፤ ነፍስ ሲጨመር የምትሰማው፤
ከፊቴ፣ ክራባት ያሰረ፣ ልጅ ያላስከተለ፣ ብቻውን የመጣ ሰው
ትከሻው ተንቀጠቀጠ። ይሳቅ፣ ያልቅስ፣ አልለየሁም፤
ጨለማ ነው፤ ጠጋ ብሎ ማየትም ነውር ነው፤ አላየሁም።

ታኬሂሳ ዐሥር፣ እኔ አምስት። ቤታችን ከሐዲዱ ጥግ፤
ባቡር ባለፈ ቁጥር ቴሌቪዥኑ ጭልም፣ ቦግ።
የጨዋታው እጀታ ሁለት ነበር። አንዱን ለኔ ሰጠኝ፤
“አንቺ ደመናውን ትነጂያለሽ” አለኝ።
“ከቆመብሽ ይዘንባል፤ ደብዳቤው ይረጥባል፣
ቀለሙ ይፈሳል፣ ፖስተኛው ከሥራ ይባረራል።
እንዳትለቂው።”
አልለቀቅኩም።

ሁለት ሐምሌ፣ ሁለት ነሐሴ፣ ደመናው ወደ ግራ ሄደ፣
አንድ ቀን ሳይቆም፤ አውራ ጣቴ ቆስሎም ለመደ።
ኋላ፣ የወደቀ እርሳስ ፍለጋ ከሣጥኑ ጀርባ ስገባ፣
የእጀታዬን ገመድ አገኘሁ፤ ጫፉ ባዶ፣ አቧራ የተቀባ።
ወደ የትም አልተሰካም።
ለማንም አልተናገርኩም።
ዐውቄ፣ በማግስቱ ተቀመጥኩና ነዳሁ፤
እንዲያውም ከቀድሞው ይልቅ ተጠነቀቅሁ።

አሁን፣ በዚህ ግዙፍ ስክሪን፣ እናትና ልጅ ሲተቃቀፉ፣
(አዎ፣ ተገናኙ፤ ቫዮሊኖቹ ሳይቀሩ ተንሰፈሰፉ)
እኔ የማየው ከኋላቸው ነው፣ ከጣሪያው በላይ፤
ማንም ልብ የማይለውን ደመና፣ ሲያዘግም በሰማይ።
ጥጡ አንድ ባንድ ተፈትሏል፣ የስንት ሰው ሌሊት ፈጅቶ፤
ይሄዳል ወደ ግራ፣ ማን እንደነዳው ረስቶ።

“አክስቴ፣ ጣትሽ ምን ሆነ?” አለ ሪንታሮ።
አውራ ጣቴን አየሁት፤ የወንበሩን ክንድ ሲጫን ኖሮ።
“ሥራ ላይ ነኝ” አልኩት።
ፈንዲሻውን ወደኔ ገፋ አደረገው። አንዴ።

መብራቱ በራ። ስልኬ ላይ ታኬሂሳ፤ ናጎያ፣ መጋዘን፣ የቅዳሜ ፈረቃ፤
“እንዴት ነው ፊልሙ?” ይላል። ረዝሟል፣ ጮኋል፤ ታየና በቃ።
እሱን ትቼ፣ “ደብዳቤው ሳይረጥብ ደረሰ” ብዬ ላክሁ።
ቆየ። “የምን ደብዳቤ?”
ሰው ከነጃንጥላው እየገፋኝ ደረጃው ላይ ቆምኩ፤
“የመብራት ሒሳቡ” ብዬ ጻፍኩ።

ውጭ ዝናቡ አላባራም።
ሪንታሮ ኩሬውን ዘሎ ወደ ቀኝ ሮጠ።