የይለፍ ቃል

ከመስቲያ ስነሳ ዝናብ ነበረ፣
የዴሊካዬ ጎማ በጭቃው ሰከረ።
የጫንኩት ጥቂት ነው፤ ራውተር በካርቶን፣ ጥቅል ኬብል፣ መሰርሰሪያ፣
ከትቢሊሲ ደግሞ የሽማግሌው ልጅ የላከው አጭር መመሪያ፦
«አባባ እሺ አይልም፤ ቢሆንም ግጠምለት፣
ክረምት መንገድ ሲዘጋ ታትያ ትማርበት።»

ቢሙርዛ በር ላይ ቆሟል፣ ቆቡ ግራጫ ሱፍ፣
ራውተሩን ተቀብሎ አገላበጠው እንደ ታመመ ወፍ።
«ያ ሁሉ ብር ለዚህ ነው? ክብደቱ እንኳ ከአይብ ያንሳል፤
ለመሆኑ ሽቦ ከሌለው በምን በኩል ይደርሳል?»
«በአየር» አልኩት።
«አየር'ማ ድሮም ነበረን» አለና ወንበር ሳበልኝ።

ከቤቱ የተጣበቀ ግንብ አለ፣ አምስት ፎቅ፣
ማን እንደሠራው አይታወቅም፤ ለምን እንደተሠራ ግን ሕፃንም ያውቅ።
በሩ ከመሬት ሁለት ሰው ቁመት፣ በመሰላል የሚወጡበት፣
ደም ሊመልስ የመጣ ጎረቤት በሌሊት እንዳይደርስበት።
ለጎራዴ አልተበገረ፣ ለጥይት አልተበገረ፣
ለእኔም ሞገድ እንዲሁ ደረቱን ነፍቶ ተገተረ።

ሳሎን አስቀመጥኩት። ታትያ ላፕቶፗን ታቅፋ ዞረች፤
ማድቤት ገብታ «ጠፋ» አለች፣
መኝታ ቤት «አንድ መስመር»፣ በረት ጋ «ምንም!»
«አባቶቼ» አለ ሽማግሌው፣ ኩራት ቢጤ አማረው፣ «ሲገነቡ አይቀልዱም።»
ግድግዳውን ልበሳ መሰርሰሪያ ባነሳ
ፊቱ ጠቆረ፦ «እኔ ቆሜ? አይበሳ!»

እንግዲህ ወጣኋ፣ ኬብሉን በጥርሴ ነክሼ፣
የርግብ ኩስና የዘመን አቧራ በክርኔ ዳብሼ።
አራተኛው ፎቅ ላይ መዳፍ የምታህል መስኮት አለች፣
የጠመንጃ አፍ ሲያጮልቅባት የኖረች።
እዚያች ላይ አሰርኩት።

ከታች ታትያ ጮኸች፦ «ሙሉ ነው! በረቱም ጋ መጣ!»
ከአጥሩ ማዶ ደግሞ ሌላ ድምፅ ወጣ፦
«እኛም ቤት ይታያል! ግን ቁልፍ አለው።»

ጸጥ።

ልጁ ኦታር ነው፣ የናዚብሮላ የልጅ ልጅ።
ሁለቱ ቤቶች ከተኳረፉ ሠላሳ አንድ ዓመት፤
ነገሩ የሣር መስክ ነው፣ ወሰኑ አንድ እርምጃ ገባ ወጣ፣
አንዱ «አጨድክብኝ» አለ፣ ሌላው ማጭዱን ይዞ መጣ።
እግዜር ይመስገን ሰው አልሞተም፤ ሰላምታ ግን ሞተ፣
በየለቅሶው አንዱ ሲገባ ሌላው ሳይቀምስ ኮቱን ጎተተ።

ወርጄ «አባባ፣ የይለፍ ቃል ስጠኝ» አልኩት።
«እሱ ደግሞ ምንድን ነው?»
«በር ላይ እንደቆመ ዘብ ነው» ብዬ አስረዳሁት።
«ይለፍ...» አለ፣ ቃሉን በምላሱ እየመዘነ፣
«ማን ይለፍ? ወይስ ምን?»
የእኔ ሥራ ኬብል ነው። መልስ አልነበረኝም።
«ስንት ፊደል?» «ከስምንት ያላነሰ።»
ትምባሆውን ጠቀጠቀ፣ አገጩን ዳሰሰ።
የሚስቱን ስም ጠበቅሁ፣ ወይ የላሙን፣
ወይ የተወለደበትን ዘመን፤
እሱ ግን የዚያን መስክ ስም ፊደል በፊደል ቆጠረልኝ።
(እዚህ አልጽፈውም፤ ምስጢር ነው።)
ከዚያ ወደ አጥሩ ሳይዞር፣ ለሰማዩ እንደሚናገር፦
«የጠየቀ ልጅ ካለ አያቱን ይጠይቅ፤ እሷ አትረሳም ነበር።»

መሣሪያዬን ስሰበስብ የማዶው በረንዳ ተንቋቋ።
ናዚብሮላ ናት፣ በእጇ ስልክ፣ በግንባሯ ቁጣ፦
«እምቢ ይላል! በማን አጠራር ነው የጻፋችሁት፣ በእናንተ ነው በእኛ?»
«በእኛ ነዋ! በማን ሊሆን ኖሯል?»
«ስሙ እንደዚያ አይደለም!»
«ነው!»
ድንገት ጆሮዬ ሥር ጎንበስ ብሎ፦ «ስማ... አንዲት ፊደል መቀየር ይቻላል?»
«ታትያም ትችላለች» አልኩና ሞተሩን አስነሳሁ።

በስፒዮው መስታወት ሁለት በረንዳ፣ ሁለት አንገት፣
ስለ አንዲት ፊደል ገና በጩኸት፤
ከበላያቸው፣ በጥይቷ መስኮት፣
ብልጭ ድርግም የምትል አረንጓዴ መብራት።