ሦስተኛው ጥያቄ

ከምሽቱ አምስት ሰዓት፣ ዊኒፔግ፣ የካቲት፤
ውርጩ መስኮቱ ላይ ግርዶሽ አበጅቶበት፣
ማሞቂያው ከምድር ቤት እንደ በሬ ሲያጓራ፣
ከፈትለወርቅ ጋራ
ትኬት እንገዛለን፣ የሃሊፋክስ በረራ።

ለለቅሶ ያልሆነ፣ ለሰርግም ያልሆነ፣
ማንም ያልጠራበት፣
«ምን ይዘን እንሂድ?» የማይባልበት፣
በሃያ ስድስት ዓመት የመጀመሪያችን፤
ሰኔ ላይ፣ ባሕር ልናይ ብቻ፣ ጫማ አውልቀን።

መቀመጫ መረጥን፤ እሷ በመስኮት በኩል፣
እኔ በመተላለፊያው፣ ጉልበቴ ዘርጋ እንዲል።
ጨረስን ስንል ነው አንዲት ሣጥን ብቅ ያለች፣ ጥፍር የማታህል፦
«መድን ይገዛሉ? መቶ አሥራ ስምንት ዶላር።»
ከሥሯ ሌላ ሣጥን፦
«አልገዛም። ለሚመጣው ሁሉ ኃላፊው እኔው ነኝ።»
አይ አነጋገር!
እንቢታም እንደ ኑዛዜ ይፈረማል እንዴ?

«መቶ አሥራ ስምንት እኮ» አልኳት «የአንድ ማታ ሎብስተር ነው፣
ከነሎሚው፣ ከነቅቤው።
ካልታመምን ከሰርን፣ ከታመምን አተረፍን፤
እንዲህ ያለውን ንግድ ደግሞ የት አየን?
ገንዘብ ከፍሎ ክፉን ደጅ ደጁን ማየት
በምን ይለያል ከሟርት?»
ሌላ ጊዜ ብትሆን ትስቅልኝ ነበር።
«ዕድርስ?» አለች። «ስትከፍል አልኖርክም በየወር?»

«ዕድር ሌላ!» አልኩ። «ዕድር ሰው ነው፤
ብትሞቺ ወንበር ተሸክሞ ይመጣል።
ይሄ ቢደውሉለት ሙዚቃ ያሰማል።»
ዝም አለች።
እኔ የረታሁ መስሎኝ ደንቡን ከፈትኩት፤
ሠላሳ አንድ ገጽ፣ ፊደሉ የጉንዳን ሠልፍ።
አውሎ ነፋስ ይሸፈናል። የጠፋ ሻንጣ ይሸፈናል።
የእናት ሞት፣ የአባት፣ የአማት፤
ያሳደገች አክስት ግን ከዘመድ አትገባም።
ጦርነት አይሸፈንም።
ሐሳብ መቀየር አይሸፈንም።

«እስቲ ለወጉ እንሙላው» ብዬ ገባሁ ወደ ጥያቄው።
አንደኛ፣ ዕድሜ። ሃምሳ ስምንት፣ ሃምሳ አንድ።
ሁለተኛ፣ ያጨሳሉ?
ከአፋችን ጭስ የሚወጣው አውቶቡስ ስንጠብቅ ብቻ ነው።
ሦስተኛ፣
ባለፉት ዘጠና ቀናት ምርመራ የታዘዘልዎ፣
ውጤቱን የሚጠብቁት ነገር አለ?
ለእኔ «የለም» አልኩ።
ለእሷም «የለም» ልል ጣቴን ስሰድ
እጄን ያዘችው።

ማሞቂያው ድንገት ዝም አለ።

«ጥር ላይ» አለች።
«ግራ ጡቴ ሥር፣ ሽንብራ የምታህል።
ከሥራ ስወጣ ብቻዬን ሄድኩ፤ በመርፌ ቀዱልኝ።
ውጤቱ ሐሙስ ነው።
ሽንብራ እኮ ናት...
ያልነገርኩህ እንዳታሟርት ብዬ ነው።»

ስንት ሌሊት በመሃላችን ተኝታ
እኔ ያላገኘኋትን ያቺን ሽንብራ
ፊቷን አይቶ የማያውቅ ድርጅት
በሦስተኛ ጥያቄው ለቅሞ አወጣት።

ሰው እንዲህ ሲሆን ምን ይላል?
እኔ የመጣልኝ ስለ ሎብስተሩ ይቅርታ መጠየቅ ነው።
ስለ ወንበሩም።
አንዱም ከአፌ አልወጣ።

«እንግዲህ እኔን አይሸፍነኝም» አለች፣
የሹራቧን አንገት ወደ ላይ እየሳበች።
በሩ ላይ የተሰቀለውን ካፖርቴን አወረድኩ፣
የጋራዡን፣ ናፍጣ ናፍጣ የሚሸተውን፣
ትከሻዋ ላይ ጣልኩት።
አልገፋችውም።

ስንት ደቂቃ እንደተቀመጥን እንጃ።
ሁለቱ ሣጥኖች ባዷቸውን ናቸው።
ስክሪኑ ደብዘዝ አለና አንድ ጥያቄ ጻፈ፦
«ብዙ ቆይተዋል። አሁንም አሉ?»

ፈትለ ጎንበስ አለች፤
ጎረቤት ደጅ ላይ ቆሞ የጠየቃት ይመስል፣
«አለን» አለችው፣
«ይመስገን፣ አለን።»