ገጽ አርባ

በኦውሉ ወደብ ላይ ባሕሩ ረግቶ፣
ቬይኮ መመሪያ ያርማል መብራቱን አብርቶ፤
የውኃ ፓምፕ የሚያዝ የሶፍትዌር መመሪያ።
«ተጠቃሚው ሲገባ» ይላል መጀመሪያ፣
«ስሙን ያስገባና ቁልፉን ይጫነዋል፤
ቀይ መብራት ከበራ እሱ ቫልቩን ይዘጋል።»

ደብዳቤ ደረሰው ከሌሊት ተረኛ፣
ከኢርሜሊ፣ የአሥራ ዘጠኝ ዓመት የፓምፕ ጓደኛ፦
«ገጽ አርባ ላይ ቆሜ ሰውየውን ጠበቅሁት፤
ሳይመጣ ሲቀር ግን ቫልቩን እኔው ዘጋሁት።»

ሳቀ ቬይኮ፤ ሳቁ ጉሮሮው ላይ ቀረ።
በናቱ ቋንቋ እኮ «እሱ»ም «እሷ»ም አልነበረ፤
«ሃን» ብቻ ነው ያለው፣ ላራስም ለዳኛ፣
ለዓሣ አጥማጅ፣ ለሟች፣ ለሌሊት ተረኛ።
ታዲያ ይህን ሰውዬ ከየት ነው ያመጣው?
ከእንግሊዝኛ ክፍል፣ መምህር ካስጠናው።

«እሱ ወይም እሷ» ብሎ ቢሞክረው፣
ዐረፍተ ነገሩ እያነከሰ አስቸገረው።
ሁለት መቶ አሥራ አራት። አንድ ባንድ ሰረዘ፤
ሰውየውን ትቶ አንባቢን አዘዘ።

(እኔም ይህን ነገር ባማርኛ ልል ስነሣ፣
«ዝጋ» ወይስ «ዝጊ»? ግሱ ጅራቱን አነሣ።
በጨለማ ላለ፣ ላልታየኝ እንግዳ፣
አንቱታ ነው ያለኝ፤ «ይዝጉ» አልሁና ዳንሁ ከዕዳ።)

በሦስተኛው ሌሊት ኢርሜሊ ጻፈችለት፦
«ገጽ አርባ አናገረኝ፤ ዘጋሁ ያለ ስሕተት።
ገጽ ስድሳ ላይ ግን አንድ ሰውዬ ቀርቷል፤
ተወው፣ አትሰርዘው። ሌሊቱ ይረዝማል።»