ሃያ አምስት ፈረስ

ከእነዋሪ ስንነሳ ሌሊቱ ገና አልለቀቀም፤
አይሱዙው ላይ ወሬ እንጂ እንቅልፍ የሚባል አልነበረም።
የአራት ቤት እቁብ ነው፣ ባንክ ደብተር ላይ ያደረ፣
ሁለት ዓመት ከስንዴው፣ ከጓያው ላይ የቀረ፤
ጋሽ ወንድይፍራው ዳልቻ በሬውን የሸጠበት፣
የእኔም የመምህር ደመወዝ ጥቂት ጥቂት ያለበት።

ደብረ ብርሃን ብርዱ ጆሮ ይቆርጣል።
ሻጩ ልጅ፣ ፍቅረማርቆስ፣ እጁን እያሸ ይጠብቃል።
በመጀመሪያ ወደ ቀዩ ወሰደን። «ሃምሳ ፈረስ ጉልበት አለው።»
«ሃምሳ ፈረስ?» አለ ጋሽ ወንድይፍራው፤ «ገብሳቸውን ማን ነው የሚችለው?»
ልጁ ሳቀ። ሽማግሌው አልሳቀም። ተንበርክኮ ወርዱን ለካ፣
በክንድ፣ ቀጥሎ በስንዝር፣ ጎማውን በጣቱ እየነካ።
«የእኔ እርሻ ለአምስት ልጅ ተከፍሎ የነጠላ ጥለት አክሏል፤
ይሄ ሲዞር የግርማቸውን ድንበር ረግጦ ይዞራል።
ያኔ ሃምሳ ፈረስ መሆኑ ቀርቶ
ሃምሳ ቀጠሮ ነው፣ ወረዳ ፍርድ ቤት ጎትቶ።
ክብደቱስ? የእኛ አፈር ዋልካ ነው፤ በጋ ድንጋይ፣ ክረምት ሊጥ፤
ሐምሌ ላይ ቦቲ ከእግር ይነጥቃል፤ ይሄንንማ ካገኘ፣ ዋጥ!»

ወደ ትንሹ ሄድን። ሰማያዊ። ሃያ አምስት ፈረስ፤
ጥማድ በሬ በሚዞርበት ዞሮ የሚመለስ።
ኮፈኑን መታ መታ አደረገው፣ ገበያ ላይ ሻኛ እንደሚመታው፤
ጥርሱን ሊያይ አፍ ፈልጎ ቢያጣ፣ የራዲያተሩን ክዳን ከፈተው።
ይሄንንም በክንዱ ለካ፣ ሁለት ጊዜ፣ ለብቻው እየቆጠረ።

ዋጋው ተነገረ። ደመርኩ፣ ቀነስኩ፣ ደግሜ ደመርኩ፤
«ለትራክተሩና ለሁለት ተቀጽላ ብቻ ይበቃል» ብዬ ነገርኩ።
ከአምስቱ ሁለት፦ ማረሻ፣ መከስከሻ፣ መዝሪያ፣ ተጎታች፣
አንድ ደግሞ ክንፍ ያለው ብረት፣ ጥግ ላይ፣ ከአቧራ በታች።

«ማረሻ!» አለ ሽብሩ፤ «ያለ ማረሻ ትራክተር፣ ሰርገኛ ያለ ሙሽራ!»
«ተጎታቹ!» አለች አስካለ፤ «ዓለሚቱን ምጥ ይዟት
በቃሬዛ ስንወጣ ያን ሁሉ ጋራ
ማረሻህ መንገዱን አላሳጠረልን።»

ተጎታቹን ጻፍኩ። አንድ ቀረ።
ሻዩ ቀዘቀዘ፤ ክርክሩ ጋለ።

ያኔ ዘርትሁን፣ ከጠዋት ጀምሮ ቃል ያልተናገረች፣
ወደ ጥጉ ሄዳ ከዚያ ክንፍ አጠገብ ቁጢጥ አለች።
አቧራውን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገች፤
መዳፏን ጎባጣው ላይ አሳረፈች።
ብረቱ የጎበጠበት፣ እጇም እዚያው ነው የጎበጠው።
«ይሄ ምን ይሠራል?» አለች።
«መደብ ያወጣል፣ እናቴ፤ ውሃው የሚሸሽበት ቦይ…»
«እሱማ እኔ ነኝ» አለች።

ሠላሳ ክረምት፣ ወንዱ እርፉን ለቆ ሲያርፍ፣
ጭቃውን በእጇ ዝቃ መደብ ያወጣች፣ ስንዴው ታፍኖ እንዳይረግፍ።
ጣቶቿ የማይዘረጉት ከዚያ ነው። ጥፍሯ ሥር ያለው ጥቁር
ሳሙና ያልለቀቀው፣ ከዚያ ነው። እኛ «እርጅና ነው» እንል ነበር።

ሽብሩ አቀረቀረ። ጋሽ ወንድይፍራው ጉሮሮውን ጠራረገ፤
«ማረሻውን በሬ ይችለዋል። አንድ አለኝ፣ ለሽብሩም አንድ አለው፤
እንቀናጃለን።» ብሎ ጨረሰ።

ፍቅረማርቆስ ደረሰኝ እየጻፈ፣ «ዋስትናው አንድ ዓመት ነው፤
ቢጣመም፣ ቢሰበር፣ እንቀይራለን» አለ።
ዘርትሁን እጇን ነጠላዋ ውስጥ ከተተች።

ደነባን ስናልፍ ሕፃናት ከኋላ ሮጡ።
ናፍታው ከግማሽ በታች ነበር። ሾፌሩ ደጋግሞ መርፌውን ያያል።
እሷ ክንፉን ተደግፋ ተኝታለች፤ ጣቷ በእንቅልፍም አልተፈታ።

እነዋሪ ስንደርስ መሸ። «የት ይደር?» ብለን ስንጨነቅ
ጋሽ ወንድይፍራው የዳልቻውን በረት ከፈተ።
ትራክተሩ ገባ፤ ከግድግዳው አንድ ስንዝር ተርፎት።
ለካ ሽማግሌው የለካው ለድንበሩ ብቻ አልነበረም።
ችንካሩ ገና አልተነቀለም፤
ገመዱን አነሳና፣ ከልማድ ይሁን ከሌላ፣
የፊት ጎማውን አሰረው።