ቆጠራው አልሞላም

ሚኒስትሩ ሊመጡ ግቢው ኖራ ጠጣ፣
የኒሙ ዛፍ እንኳ ነጭ ካልሲ አወጣ።
ከሳቢያን ጀምሮ ባጃጁ ታገደ፣
አቧራው ውሃ ጠግቦ ወደ ቤቱ ሄደ።

እኔ ጥሩወርቅ ነኝ፣ የፉርጎ ጠጋኝ ልጅ፣
ሃያ ስድስት ዓመት መሣሪያ አቀባይ እጅ።
ከጭንብሉ በላይ እያነበብሁ ዓይኑን፣
ሳይነግረኝ አውቅ ነበር ደግና ክፉ ቀኑን።
አንቱታው ዛሬ ነው፤ ያኔ ረምዚ ነበር፣
ጫማው ላይ ደም ደርቆ ቁጭ ብሎ የሚያድር።

እጁን ሲዘረጋ ቀና ብሎ አያይም፤
ፒንሳ ሳይል ፒንሳ፣ ክር ሳይል ክር፤ ሌላ ወግ የለንም።
አንድ ሕግ ብቻ፦
ጎዝ ተቆጥሮ ይገባል፣ ጎዝ ተቆጥሮ ይወጣል፤
አንዲት ከጎደለች ሆዱ ሳይሰፋ ይነጋል።

ደቻቱ የሞላ ሌሊት፣ ያ ደረቁ ወንዝ፣
በር፣ ፍየልና አልጋ አዝሎ ሲጓዝ፣
መብራቱ ሞተብን። በሁለት የእጅ ባትሪ
ከጭቃ የወጣ ልጅ ከፈትን፤ ስሙ ሰብሪ።
ጣፊያው ተሰንጥቆ በእጃችን ነበረ፤
ልንዘጋ ስንል ቆጠርሁ፤ አንድ ጎዝ ቀረ።

«ዶክተር፣ ቆጠራው አልሞላም።»
«ጥሩዬ፣ ግፊቱ እየወረደ ነው።»
«አልሞላም።»
ዝም። ውጭ ጎርፉ ብቻ ያወራል።
እጁን መልሶ ሰደደ፣ በጨለማ ዳሰሰ፣
ከጉበት ጀርባ አወጣት፣ ጨርቋ በደም የራሰ።
«ሃያ» አልሁ።
«አሁን ክር» አለ።
ሰብሪ ዛሬ ታይዋን ውስጥ ሞባይል ይጠግናል፤
ሸሚዙን ገልጦ ጠባሳውን ለደንበኛ ያሳያል።

ከዚያ ሹመት መጣ። ቢሮ፣ ምክትል፣ ከዚያ ዋናው።
በቴሌቪዥን ሳየው እጁ ጠረጴዛ ላይ ነው፣
በሰመመን እንደተኛ፤ እስክሪብቶ ብቻ የሚያነቃው።
ከዚራ ዛፍ ሥር ምርቃና ላይ ያሉት
«አቦ፣ ቢላውን ጥሎ ማኅተም ያዘ» አሉት፤
«የኛው ልጅ ነው፣ ተውት» ሲሉም ሰማሁ።
እኔ አልፈረድሁበትም። አንድ ሆድ ሲሰፋ ሌሊት ከሚነጋ
በአንድ ፊርማ ለሺህ እጅ ጓንት ቢልክ ብዬ አሰላሁ።
አምስት ዓመት አሰላሁ።
ክር ግን ዛሬም ከሐረር እንበደራለን፤
ጓንት እናጥባለን።

አሁን አዲሱ ሕንፃ፤ ቀይ ሪባን፣ ትሪና መቀስ።
ትሪውን ለኔ ሰጡኝ፦ «የድሮ ባልደረባ ናት፤ ለካሜራ ያምራል።»
እጁን ዘረጋ። ቀና ብሎ አላየም።
መዳፌ እንደ ልማዱ እጀታውን ወደ እሱ አዞረ፤
ግን አልለቀቅሁም።

«ዶክተር» አልሁት በጆሮው፣ «ቆጠራው አልሞላም።
አሥራ ሁለት አልጋ በወረቀት፣ ዘጠኝ በክፍል።
የኦክስጅን ቧንቧው ግድግዳ ውስጥ ገብቶ የትም አይወጣም።
እጅ መታጠቢያው ያብረቀርቃል፤ ከፍተው ይዩት።»

ቀና አለ። ጭንብል የለም፤ ሙሉ ፊት ማንበብ አልለመድሁም፣
ከንፈሩ ለሕዝቡ ስቆ ዓይኑን ጋረደብኝ።
ሪባኑን በክንዱ አንስቶ ጎንበስ ብሎ ገባ።
አጃቢው ተደናገረ፤ ጭብጨባው ግማሽ ላይ ቆመ።
ከውስጥ ክርር የሚል የብረት ድምፅ፣ ደግሞ ክርር፤
የበጋ ደቻቱ።

ሲወጣ እጅጌው እስከ ክርኑ ተሰብስቧል፤
ሁለት እጁን እንደ ጥንቱ ወደ ላይ ይዟል፣
ከክርኑ ጠብታ የለም።