ክር ቀጣይዋ

ከጨርቃ ጨርቁ ፋብሪካ አጥር ሥር፣ በተከራየኋት ክፍል፣
የሥነ ዜጋ መምህር ነኝና፣ የነገን ትምህርት ስከፋፍል፣
«የኢጣሊያ ጠቅላይ ሚኒስትር፤ ሥልጣኑና ታሪኩ» ብዬ፣
ከላይ በቀይ ጽፌ፣ ከሥሩ መስመር ጥዬ፣
አከራዬ አንጓች መጣች፣ ጣቷ ላይ ክር ጠምጥማ፣
መነጽሯን አፍንጫዋ ጫፍ አቁማ።
«ይኸን ሰውዬማ አውቀዋለሁ፤ ስሙ ብቻ ነው የሚለዋወጥ፣
ቀጠልኩት ስትል የሚበጠስ፣ ተበጠሰ ስትል የሚቀመጥ።»

ሠላሳ ሦስት ዓመት ፈትል ክፍል ቆማለች፣
ግማሽ ጆሮዋን ለማሽኑ ሰጥታለች።
ሥራዋ አንድ ነበር፦ ክር ሲበጠስ ሮጦ መቀጠል፣
ሁለቱን ጫፍ ባውራ ጣት አገናኝቶ አንጓ ማብቀል።
ፋብሪካውን ያቆመው የጦርነት ካሣ ነው፤
ከሮም ለሁለተኛ ጊዜ የመጣ ብረት፣ ይኸኛው ክር የሚያሾረው።

ማሽን አስተካካዩ ሲኞር ቤፔ፣ ጸጉረ ገብስማ፣
ከትንሿ ራዲዮው ያገሩን ወሬ ሲሰማ፣
እጁን ወደ ላይ ይወረውርና «ወደቀ!» ይላል፣ «ደግሞ ወደቀ!»
ማን? ስትለው፣ «መንግሥታችን!» እየሳቀ።

አንጓች ደነገጠች።
እሷ የምታውቀው መንግሥት ሲወድቅ ሱቅ ይዘጋል፣
አባት በሌሊት ይጠራል፣ ልጅ ጫማውን ብቻ ያገኛል።
«ስንት ሰው ሞተ?» አለችው፤ እሱ ቡሎን እያጠበቀ፣
«ማንም» አላት፤ «ምሳ ሊበሉ ወጡ፣ ስብሰባው አለቀ።»

ያን ዕለት ከወዳደቀ ክር አንዱን አንስታ፣
አንድ ቋጠሮ ጣለችበት፤ ከዚያ ወዲህ አታውቅም ረስታ።
ቤፔ አገሩ ገባ፤ ራዲዮውን ትቶላት፣
ጡረታ ስትወጣ፣ ክሩ እንደ መቁጠሪያ ረዘመላት።

እኔም እንደ መምህር ጉሮሮዬን ጠርጌ፣
ደብተሬን ወደ ብርሃኑ አድርጌ፣
«በቱሪን ከተማ፣ በፈረንጅ 1848፣ በንጉሥ ጥላ ሥር፣
ሚኒስትሮችን ሊሰበስብ እንጂ ሊያዝ አልነበረም ሲፈጠር።
ኋላ አንዱ መጣና ሃያ ዓመት ተደላደለበት፣
የመንግሥት አለቃ ነኝ አለ፣ ለሸንጎ መልስ የሌለበት።
ወታደሩን እስከዚህ ጣና ዳር የላከው...»
«እሱንማ አውቃለሁ» አለች፣ «አባቴን በምርኩዝ ያስቀረው።»

«ከጦርነቱ በኋላ ሕግ አርቃቂዎቹ ፈሩ፣
የዚያን ወንበር እግር ሆን ብለው እየሞረዱ አሳጠሩ።
ፕሬዚዳንቱ ይሾመዋል፤ ሁለቱ ምክር ቤቶች ያምኑታል፤
ሚኒስትር መሻር አይችልም፣ ማስማማት ይጠበቅበታል፤
እምነቱ ሲነሳ፣ ይነሳል።»

«ሲነሳስ ምን ያስረክባል? ማኅተም? ሽጉጥ?»
ቃጭል፣ አልኳት።
«ትንሽ የብር ቃጭል፣ የሚኒስትሮች ጉባኤ መክፈቻ፤
ወጪው ለገቢው ያቀብላል፤ አንዳንዴ ፊቱን አዙሮ፣ በጣቱ ጫፍ ብቻ።»

ዝም አለች።
ከዘጌ የምትመለስ ጀልባ ሞተሯ ከሩቅ ያጉረመርማል።

«ኡራ ኪዳነ ምሕረት የድንጋይ ደወል አለ፤
በሦስት መንግሥት ያው ነው፣ አንድም ቀን እጅ አልተቀባበለ።
ድምፁ ያምራል። ግን ከባድ ነው፤ ማን በመዳፉ ይቀበለዋል?
የኛም ወንበር እንዲያ ነው፤ የያዘው ሰው ከሥሩ ይሞታል።»

«የነሱም ጣጣ አለው» አልኩ፣ «የጀመሩትን ሳይጨርሱ...»
«ልጄ፣ የማይበጠስ ክር አላየሁም» አለች፤ «ማሽኑ የሚቆመው ቀጣዮቹ ሲያንሱ።»

በማግሥቱ ሰባ ሁለት ልጆች ፊት ቆሜ፣
ስለ ቃጭሉ አወራሁ፣ ጠመኔዬን እየቆረጠምኩ በአቅሜ።
ከኋላ ወንበር ማስተዋል እጇን አነሳች፦
«ቲቸር፣ ቃጭሉ ቢጠፋስ?»

ኪሴ ገባሁ።
አንጓች የሰጠችኝን ክር፣ ጫፉን ፈልጌ አጣሁ።