አመድ የሌለው

ሻርጃ። ጧት ነው ገና፣ ሙቀቱ ግን ደርሷል፤
የቢጫው አውቶቡስ መስታወቱ አልቧል።
ብርቱካን ሰደርያ፣ በእጄ የስም መዝገብ፤
ሥራዬ መቁጠር ነው፣ ልጅ እንደ ሰው ገንዘብ።
ሠላሳ አንድ ናቸው። ስሜን አያውቁትም።
«አንቲ» ነኝ ለትንሹም፣ «አንቲ» ነኝ ለትልቁም።

ፋሪስ ከኋላ ነው፣ በመስኮቱ በኩል፤
በዚህ እሳት ሐሩር ሹራብ የሚደርብ።
ብርድ መስሎኝ ነበር፣ የማቀዝቀዣው ነፋስ፤
እጅጌው ውስጥ ያለውን ያወቅሁት ሰንብቼ ነው።

መጀመሪያ የመጣው ሽታው ነው፤
ማንጎ።
ምሳ ዕቃ ተከፍቶ መስሎኝ ዞር አልኩ፤
ማንጎ የለም።
አገጩን ሹራቡ ውስጥ ቀብሮ፣
እንደሚጸልይ ልጅ ዓይኑን ጨፍኖ፣
ትንፋሹን ይዞ፣ ይዞ፣ ይዞ፣
ከዚያ ምንም። ጨርቁ ጠጣው።

«እሳት አመድ ወለደ» ይባላል በእኛ አገር፤
ይሄ ግን መካን ነው፤
እሳት አልነበረው፣ አመድ የት ይገኛል?
አባቴ ሲያጨስ ሩቅ ያስታውቅ ነበር፤
ጣቱ ቢጫ፣ ጢሙ ቢጫ፣
ግማሽ ሲጋራ ጆሮው ላይ ሰክቶ፣
ሳሉ ከሱ ቀድሞ በር ከፍቶ ገብቶ።
ይሄ ግን ማርከር ነው የሚያህል፣ ሐምራዊ፣
ከማስመሪያ ጋር ቦርሳ ውስጥ የሚያድር፤
የእናት አፍንጫ ፍራፍሬ ብሎ ያልፈዋል።

ሐሙስ ዕለት፣ ሁሉም ወርደው ሲያልቁ፣
የተኛ ልጅ እንዳይቀር ወንበር ወንበሩን ሳይ፣
ስፌቱ ስንጥቅ ውስጥ አገኘሁት።
ደንቡን አውቃለሁ፦ ለተቆጣጣሪዋ ነው የሚሰጠው።
ልጁ ይባረራል፣ እኔም «የት ነበርሽ?» እባላለሁ።
ካልሲዬ ውስጥ ከተትኩት።

ማታ፣ ስድስት ሆነን በምናድርበት ክፍል፣
ላይኛው አልጋ ላይ ተከናንቤ ነካ አደረግሁት።
ሰማያዊ መብራት በራ፤
ጠፋ።
የቀን ሂሳቤን ያህላል ይህች ዕቃ።
ሐርቡ ደወልኩ። ሚፍታህ አነሳው።
ዐሥራ ስድስት ሞላው፤ ድምፁ ወፍሯል።
«ፈተና እንዴት ነው?»
«ጥሩ ነው፣ እማ...»
ከዚያ ዝም።
ይዞ፣ ይዞ፣ ይዞ፣
«ብሩ ደርሷል» አለኝ።

ኔትወርክ ነው እንዳልል ያን ዝምታ አውቀዋለሁ፤
በየጧቱ ከኋላ ወንበር እሰማዋለሁ።
ጭስ መውጫ አያጣም፣ ሲሉ የሰማሁት፣
ባሕር መሻገሩን ማን ነው የነገረኝ?
የላክሁት ብር ማንጎ ማንጎ ሸተተኝ።
«ምን ሆነሃል?»
«ጉንፋን ነው።»
«ትኩስ ነገር ጠጣ» አልኩት።
ሌላ ምን እላለሁ?

ሰኞ ፋሪስ ገባ። ወንበሩን ዳበሰ፤
ዓይኑ ዓይኔን አይቶ ወለል ላይ ፈሰሰ።
አጠገቡ ተቀመጥኩ። በሰባራ ዐረብኛዬ፣
«አንተን የሚያክል ልጅ አለኝ» አልኩት፣
«እሱም ይስባል መሰለኝ። ምን ልበለው?»
ቁጣ ነበር የጠበቀው።
አንዱን ማዳመጫ ከጆሮው አወጣ፤
ሦስት የትራፊክ መብራት እስክናልፍ አሰበ።
«አትጩሂበት» አለ።
ቆየና ደግሞ፦
«መጀመሪያ ስለሱ አትጠይቂው።
ሌሊት ለምን እንደማይተኛ ጠይቂው።»
እንዴት አወቅህ አላልኩም።

ከእጅጌው መዳፉ ቀስ ብሎ ወጣ፤
ጉልበቴ አጠገብ ተከፍቶ ቆየ፣
ጥፍሩ እስከ ሥሩ ተበልቶ።
ካልሲዬ ውስጥ ያለው ቁርጭምጭሚቴን ቆረቆረኝ።
መዳፉ ላይ መዝገቡን አኖርኩ።
«ዛሬ አንተ ቁጠርልኝ።»

ሳቀ። ከዚያ ተነሳ።
እየተንገዳገደ እስከ ጉልዛር፣ እስከ ሾፌሩ ድረስ ሄደ፤
በጣቱ ራስ ራሳቸውን እየጠቆመ ተመለሰ።
«ሠላሳ» አለኝ።
«አንድ ጎደለ።»
እንደገና ቆጠረ። ሠላሳ።
ፊቱ ደነገጠ፣ የወንበር ሥር አጎንብሶ አየ።
በሌባ ጣቴ ደረቱን ነካሁት።

ጉልዛር ፍሬን ያዘ። በሩ ተከፈተ፤
ሙቀቱ ከኛ በፊት ገባ።